ሰርቨሩን የጣለው ልጁ አይደለም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡና ያልጠጣ ጠጥቶ ይምጣ። ጉዳዩ የኮምፒውተር ነው። ግን አንድ ልጅ ከሥራው ሊባረርበት የነበረ ነገር ስለሆነ የኮምፒውተር ሰው ያልሆናችሁም እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል። ቴክኒኩ ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ።

የመጋቢት ሙቀት ጋምቤላ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በወሩ ማብቂያ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሸሚዜ ገና ከአሁኑ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከተማ መሃል ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሥራ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጽፍም። የምታውቁት ካላችሁም ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉት፣ አደራ።

«ቲቸር፣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ድርቅ ይላል። አጥፍቼ አስነሳዋለሁ፣ ያው ድርቅ። ቅዳሜ ነው የጀመረው። ደሞዝ ደግሞ ነገ መውጣት አለበት» አለኝ። ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ ድምፁ ይናገራል።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ በር ላይ ቆመዋል፣ ኃላፊው ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘዋል። እስክሪብቶው አላማረኝም።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲስኩ እየሞላ ስለነበር ልጁ ሠራተኛ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት ሰርቨሩን ከፍቶ አዲስ ዲስክ የሚሰካበት ካርድ ጨመረ። ሌላ ምንም አልነካም። ገመድ አልነቀለም፣ ሴቲንግ አልቀየረም። ክዳኑን ዘግቶ ሲያስነሳው ማሽኑ ተነሳ፣ ደቂቃ ቆየ፣ ደረቀ። ስክሪኑ ላይ ብልጭ የሚለው ስህተት ስለ ዲስክ የሚያወራ ነው። ስለዚህ «የነበረው ዲስክ ሞተ» ብሎ አመነ፤ ሳጥኑን ዳግም መክፈትም ፈራ። ከዚያ በኋላ ሃያ ጊዜ ያህል አጥፍቶ አስነስቶታል።

አሁን ለማያውቁት። በአንድ ጠንካራ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች እንዳሉ አድርጎ ማስነሳት ይቻላል፤ ቨርቹዋል ማሽን የምንላቸው ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ እንደማኖር ቁጠሩት። የግቢው ባለቤት ሆስቱ ነው። ተከራዮቹ መብራቱንም ውሃውንም የሚያገኙት በባለቤቱ በኩል፣ በጋራ ቆጣሪ ነው። አንዳንዴ ግን አንዱ ተከራይ «የራሴ ቆጣሪ ይግባልኝ» ይላል። ያኔ ባለቤቱ አንድ ዕቃ፣ በሉ የኔትወርክ ካርድ፣ ከእጁ አውጥቶ ለዚያ ተከራይ ብቻ ያስረክባል። ካስረከበ በኋላ ራሱም አያየውም። ፓስስሩ የምንለው ይህንን ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ኬቪኤም ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ዛሬ ዕቃ የምናስረክብበት ቪኤፍአይኦ የሚባለው መንገድ ደግሞ በ2012።

በዚህ ሰርቨር ላይ አራት ተከራይ ነበሩ። አንዱ ፋየርዎል ነው፤ የራሱ የኔትወርክ ካርድ ተሰጥቶታል። ሌላው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት ዊንዶውስ ነው፤ ላይሰንሱን የያዘች የዩኤስቢ ቁልፍ ተሰጥታዋለች። የቀሩት ሁለቱ ተራ ናቸው።

ታዲያ ሆስቱ የትኛውን ካርድ ለፋየርዎሉ እንደሚሰጥ በምን ያውቃል? በቁጥር። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች ከጫፍ ጀምሮ ይቆጥራል፦ 01፣ 02፣ 03። የፋየርዎሉ ኮንፊግ ላይ «03:00.0 የሚባለውን ስጠኝ» ተብሎ ተጽፏል። ያኔ 02 ዋናዎቹ ዲስኮች የተሰኩበት መቆጣጠሪያ ነበር፣ 03 ደግሞ የኔትወርክ ካርዱ።

እኛ አገር ለሰው ቤት እንዴት እንደምንጠቁም አስቡ። «ከባሮ ድልድይ ወርደህ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው በር።» ትክክል ነው፣ ዓመት ሙሉ ይሠራል። አንድ ቀን ግን በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል አንድ ሰው ሱቅ ይከፍታል። የላካችሁት ልጅ ሄዶ ሦስተኛውን በር ያንኳኳል። አልተሳሳተም እኮ! የተባለውን ሦስተኛ በር ነው ያንኳኳው። ግን ያ በር አሁን የጎረቤት ነው።

ሰርቨሩ ላይም የሆነው ይኸው ነው። አዲሱ ካርድ የተሰካው ቆጠራው ቀድሞ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። የዲስክ መቆጣጠሪያው ከ02 ወደ 03 ተገፋ፣ የኔትወርክ ካርዱ ወደ 04። ፋየርዎሉ ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ በራሱ እንዲነሳ ተደርጓል። ተነሳና «03ን ስጠኝ» አለ። ሆስቱም እንደታዘዘው 03ን ከራሱ ላይ ነቅሎ ሰጠው፤ ማለትም ራሱ የቆመባቸውን ዲስኮች። ባለቤቱ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ለተከራይ ሰጥቶ ውጭ እንደመቅረት ነው። ሁለት ደቂቃ፣ ድርቅ። ሲያስነሱት እንደገና ያው።

ችግሩን ያየሁት ባዮስ ውስጥ ገብቼ ዕቃ ማስረከብ የሚያስችለውን፣ ኢንቴል ላይ ቪቲ-ዲ የሚባለውን፣ ካጠፋሁ በኋላ ነው። እሱ ሲጠፋ ፋየርዎሉ ዕቃውን ማግኘት ስለማይችል አይነሳም፤ ሆስቱ ግን ይቆማል። (ይህን ዘዴ ያዙልኝ፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።) ሆስቱ ቆመ። የፋየርዎሉን አውቶ ስታርት አጠፋሁ፣ ኮንፊጉን ከፈትኩ። 03 ትላለች።

ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮሌጁ ሲዘጋ፣ ያንን ሰርቨር ያቆምኩላቸው እኔ ነበርኩ። ልጁ ያኔ ተማሪ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ኬብል ያቀብለኝ ነበር። በባዶ ቁጥር ጻፍኩት፣ ሠራ፣ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። የትም ቦታ «ይህ ቁጥር የቆጠራ ውጤት ነው፣ ካርድ ከጨመራችሁ ይቀየራል» ብዬ አልጻፍኩም። ለሱም አልነገርኩትም። ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው ያስተማርኳችሁ፤ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ካርዱን አውጥተን ሁሉን ወደ ነበረበት መለስን። ፋየርዎሉ ተነሳ። የሒሳቡ ዊንዶውስ ግን ዳታቤዙ ተበላሽቷል። ያ ሁሉ መነሳትና መድረቅ እየጻፈ ባለበት ሰዓት ሳይመታው አልቀረም። ያለው ባካፕ የ11 ቀን ነው። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ የ11 ቀኑን ሰነድ ከወረቀት ላይ ሁለት ሌሊት ተቀምጠው እንደገና አስገቡ፤ ሠራተኛውም ደሞዙን በሦስት ቀን ዘግይቶ አገኘ። የሦስት ቀን ደሞዝ መዘግየት ለአንዳንዱ ቤት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ኃላፊው ልጁን ሊያሰናብቱ ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ጥያቄያቸውም ልክ ነው፦ «ታዲያ እሱ ካርዱን ባይከት ኖሮ ይህ ይሆን ነበር?»

ያን ቀን በደንብ አልመለስኩላቸውም። ዛሬ እዚህ የምመልሰው ለሳቸውም ጭምር ነው።

አዎ፣ ይሆን ነበር። ያን ቀን ባይሆን ሌላ ቀን። «ከሠራ አትንኩት» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፣ አንዳንዶቻችሁ አሁን ይህን እያነበባችሁ ነው። አዲስ አበባ ባለ፣ ሁለት የመብራት መስመርና መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ ባለው ዳታ ሴንተር ይህ አባባል ሊያስኬድ ይችላል። እኛ ጋ ግን ማሽኑን እኛ ባንነካው ሌላው ይነካዋል። መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ መብራት ሲመለስ በጉልበት ይመጣል፤ አንድ ካርድ ይቃጠላል። ምትኩ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ያው ዓይነት አይደለም፣ «ይሄ ነው የተገኘው» ይባላል። ሲሰካ ቁጥሩ ይቀየራል። ባዮስ ሲታደስ ወይም የባዮሱ ባትሪ ሞቶ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ሲመለስም ቆጠራው ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ «አትንኩት» እኛ ጋ ፖሊሲ ሊሆን አይችልም፤ ሲነካም የማይሰበር አድርጎ ማቆም ነው የሚያዋጣው። ዲስክ ሲሞላ ዲስክ መጨመር የልጁ ሥራ ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው።

እንዴት ነው ታዲያ የሚቆመው? ዕቃውን በተሰካበት ቁጥር ሳይሆን በማንነቱ መጥራት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው፤ ብዙ ሰው አንዱን ጉድጓድ አልፎ ሌላው ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

እያንዳንዱ ካርድ የሠሪውንና የሞዴሉን ኮድ ተሸክሞ ይመጣል። የኢንቴል የሠሪ ኮድ ለምሳሌ 8086 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ፕሮሰሰር ስም የተያዘ ቀልድ መሰል ቁጥር። በዚህ ኮድ ብንጠራውስ? ጥሩ፣ ግን ገበያ መሃል ቆማችሁ «ኦጁሉ!» ብላችሁ ተጣሩ እስቲ። ስንቱ ይዞራል? «ጋትሉዋክ!» ብትሉም ያው ነው። ሁለት አንድ ዓይነት የኔትወርክ ካርድ ካላችሁና ሆስቱን «ይህን ኮድ የያዘውን ሁሉ ለማስረከብ ለይ» ካላችሁት ሁለቱንም ይለያል፤ የራሱን መስመር ጨምሮ። በርቀት የገባችሁ ከሆነ በዚያችው ቅጽበት ተቆርጣችሁ ቀራችሁ።

እኛ ሰው ስንለይ ስም ከነአባት ከነአያት እንላለን። ዕቃም እንደዚያ ነው። ዲስክ ከሆነ «የመጀመሪያው ዲስክ፣ ሁለተኛው ዲስክ» በሚሉት ፊደላት ሳይሆን በሞዴሉና በሲሪያል ቁጥሩ ጥሩት፤ ሊኑክስ ይህን ስም ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀምጥላችኋል። የሆስቱን የራሱን የኔትወርክ መስመር በማክ አድራሻው እሰሩት። ምክንያቱም ዛሬ ሊኑክስ ለኔትወርክ ካርድ የሚሰጠው ስም ውስጥ ራሱ ያ የቆጠራ ቁጥር አለበት፤ ካርድ ስትጨምሩ 3 የነበረው 4 ይሆንና ሆስቱ ኔትወርክ አልባ ይሆናል። የዩኤስቢ ቁልፍ ከሆነ በኮዱ ጥሩት፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ላይ ብትሰካውም ያገኘዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ቁልፍ ካላችሁ ግን በቀዳዳው መጥራት ግድ ነው፤ ያኔ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጻፉበት። አትሳቁ፣ ከብዙ ሶፍትዌር የበለጠ ሠርቶልኛል።

ካርድ ላይ ሲሪያል ሁልጊዜ ስለማይነበብ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ያ ሰርቨር የሚሠራበት ፕሮክስሞክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ8ኛው እትሙ ሪሶርስ ማፒንግ የሚል ነገር አመጣ። ለዕቃው አንድ ስም ታወጣላችሁ፣ ለምሳሌ «የፋየርዎል-ካርድ»። ከስሙ ሥር ኮዱም፣ የተሰካበት ቁጥርም፣ ያለበት ቡድንም አብሮ ይመዘገባል። ቨርቹዋል ማሽኑ ኮንፊግ ላይ የሚጻፈው ስሙ ብቻ ነው። ማሽኑ ሊነሳ ሲል ይመሳከራል፤ በዚያ ቁጥር ላይ የተመዘገበው ኮድ ከሌለ «ሃርድዌሩ የተቀየረ ይመስላል» ብሎ አያስነሳም።

ልብ በሉ፣ ዕቃውን ተከትሎ አይሄድም። ካርዱ 04 ላይ እንዳለ ራሱ ፈልጎ አያገኝም፤ እናንተ ገብታችሁ ማስተካከል አለባችሁ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ደግሞ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ያን ቅዳሜ ፋየርዎሉ «አልነሳም» ብሎ ቢቀር ኖሮ ልጁ ኢንተርኔት የሌለው ግን ዲስኩ ሰላም የሆነ ሰርቨር ይዞ ይደውልልኝ ነበር። ደሞዙም በቀኑ ይወጣ ነበር። የሰው ዕቃ ከሚነጥቅ ማሽን፣ ሥራ እምቢ የሚል ማሽን ይሻለኛል።

ሌላም አለው። ባዶ ቁጥር መጻፍ የሚችለው የሆስቱ ዋና ባለሥልጣን፣ ሩት፣ ብቻ ነው። በማፒንግ ግን ለአንድ ልጅ ያቺን ዕቃ ብቻ የመጠቀም ፈቃድ መስጠት ይቻላል። የሩትን ፓስወርድ ለሁሉ ማደል ቀረ ማለት ነው። (ወይም መቅረት ነበረበት።)

«ቲቸር፣ እሺ ሰርቨሩ ወደ 8 ካደገ ቆይቷል፤ ለምን አሮጌው ቁጥር እስካሁን ሠራ?» ትሉኝ ይሆናል። አዲሱ መንገድ ሲመጣ አሮጌውን ስላልሰበሩት ነው። ይህን አደንቃለሁ። የሊኑክስ ከርነል ሰዎችም የሚታወቁበት ሕግ አላቸው፤ እኛ ውስጡን ስናድስ ትናንት ይሠራ የነበረ የተጠቃሚ ፕሮግራም ዛሬ መቆም የለበትም የሚል። እንደ እኛ ላለ ቦታ ይህ ሕግ ትልቅ ውለታ ነው፤ አፕዴት ባደረግን ቁጥር ሁሉ ነገር ቢፈርስ ማን መጥቶ ያቆምልናል?

ግን ውለታው አሳንፎናል። አሮጌው ስለሠራ ወደ አዲሱ የተሻገረ የለም። እኔም ሁለት ጊዜ አፕዴት አድርጌላቸው 03ን አይቻት አልፌያለሁ። ነባሩን አለመስበር ማለት ነባሩን ለዘላለም መተው አይደለም፤ በሰላሙ ጊዜ፣ በራሳችን ሰዓት እንድንሻገር የተሰጠን ፋታ ነው። ፋታውን በላነው።

መሻገሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማፒንጉን ነባሩ ኮንፊግ ጎን ትፈጥራላችሁ፤ መፍጠሩ ምንም አይነካም። አንዷን ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ትዘጋላችሁ። የኮንፊግ ፋይሏን ኮፒ ታስቀምጣላችሁ። ቁጥሯን በስሙ ትተካላችሁ፣ ታስነሳላችሁ። ካልተነሳች የድሮውን ፋይል መልሳችሁ ታስነሱና ሻይ እየጠጣችሁ ታስባላችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጉ፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ በፍጹም አታድርጉ። ሳጥን ስትከፍቱ ደግሞ፣ ማንኛውንም ሳጥን፣ አስቀድማችሁ ዕቃ የተረከቡትን ማሽኖች አውቶ ስታርት አጥፉ፤ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከመክፈታችሁ በፊትና ከዘጋችሁ በኋላ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። ያን ቅዳሜ ይህቺ ብቻ በቂ ነበረች።

አንድ ነገር ግን ልከራከር። ግማሹ ፓስስሩ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር። ዕቃ የተረከበ ማሽን እየሠራ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወር አይችልም፣ ሜሞሪውም ሙሉ በሙሉ ታስሮ ይያዛል። በዚያ መሥሪያ ቤት የነበረው ፋየርዎል ተራውን የጋራ ካርድ ቢጠቀም ልዩነቱ ባልታወቀ ነበር፤ ኢንተርኔታችን ካርዱን የሚያስጨንቅ ፍጥነት የለው! ታዲያ ለምን ሰጠሁት? እውነቱን ልንገራችሁ፦ ስለምችል ነው። ያኔ አዲስ የተማርኩት ነገር ነበር፣ ተማሪ ፊት ላሳየው ፈለግኩ።

ልጁ አልተባረረም። የስንብት ደብዳቤው ወደ ማስጠንቀቂያ ወረደ፤ እሱም በዝቶበታል ባይ ነኝ፣ ለኃላፊውም ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ያንን ሰርቨር ከሱ ጋር ሆነን ወደ ስም ቀይረነዋል። ፋየርዎሉ ወደ ተራው ካርድ ተመልሷል፣ የዩኤስቢ ቁልፏ ማፒንግ ውስጥ ገብታለች፣ ባካፑም በየሌሊቱ ሆኗል። አዲሱ የዲስክ ካርድም ተመልሶ ገብቷል፤ የሰካው እሱ ነው፣ እኔ ኬብል አቀበልኩት።

በዚህ ከተማ በባዶ ቁጥር ጽፌ የተውኳቸው ቢያንስ ሦስት ሌሎች ማሽኖች አሉ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየተራ እመጣለሁ፣ ክፍያ የለውም። ከከተማ ውጭ ያላችሁ፣ እኔ ወይም እኔ ያስተማርኩት ሰው ያቆመው ሰርቨር ካላችሁ፣ ካርድ ከመጨመራችሁ በፊት ደውሉልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።